የእንቅልፍ አፕኒያ እና የደም ካንሰር

የእንቅልፍ አፕኒያ አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ በተደጋጋሚ የሚቋረጥበት የጤና ችግር ነው። የደም ካንሰር ደግሞ በአጥንት መቅኔ፣ በደም ወይም በሊምፍ ሥርዓት ውስጥ የሚነሱ ካንሰሮች የጋራ መጠሪያ ነው። አፕኒያ የደም ካንሰር እንደሚያስከትል አልተረጋገጠም። ሆኖም ሁለቱ በብዙ መንገድ ይገናኛሉ፦ አፕኒያ የደምን ይዘት ሊለውጥና የደም ካንሰር ሊያስመስል ይችላል፤ አንዳንድ የደም ካንሰሮችም አፕኒያን ያመጣሉ። እንደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች የቦታው ከፍታም በምርመራው ላይ የራሱን ጥያቄ ይጨምራል።

== ምንነት ==

በአዋቂ ሰው ላይ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቆም አፕኒያ ይባላል። በጣም የተለመደው ዓይነት የጉሮሮ ጡንቻ በእንቅልፍ ላልቶ የአየር መንገዱን ሲዘጋ የሚከሰት ነው። ዋና ምልክቶቹ ኃይለኛ ማንኮራፋት፣ በመታፈን ስሜት መባነን፣ የጠዋት ራስ ምታትና ቀን ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው። የችግሩ ክብደት የሚለካው ትንፋሹ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ በመቁጠር ነው፦ ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል።

ከደም ካንሰሮች ውስጥ ዋናዎቹ ሉኬሚያ፣ ሊምፎማ እና ማይሎማ ናቸው። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚባለው፣ መቅኔ ቀይ የደም ሴሎችን ያለ ልክ የሚያመርትበት በሽታም ከዚሁ ይመደባል።

== የኦክስጅን ማነስ እና ደም ==

ትንፋሽ ሲቋረጥ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ ሰውየው ለቅጽበት ሲባንን ደግሞ መልሶ ይወጣል። በከባድ አፕኒያ ይህ በአንድ ሌሊት ከመቶ ጊዜ በላይ ሊደጋገም ይችላል።

ሴሎች የኦክስጅን ማነስን የሚያውቁት ሂፍ በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ነው። ይህን አሠራር የገለጡት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍ እና ግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኦክስጅን ሲያንስ በሂፍ ትእዛዝ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑም መቅኔ ቀይ የደም ሴሎችን እንዲያበዛ ያደርጋል። ይኸው ፕሮቲን በካንሰር እብጠት ውስጥ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያድጉም ያግዛል። ተመራማሪዎች አፕኒያና ካንሰር ይገናኙ እንደሆነ መጠየቅ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

== የጥናት ውጤቶች ==

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት 1522 ሰዎችን ለ22 ዓመታት የተከታተለ ጥናት ታተመ። በጥናቱ ከባድ አፕኒያ የነበረባቸው ሰዎች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው አፕኒያ ከሌለባቸው 4.8 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በጥናቱ ዘመን በካንሰር የሞቱት 50 ሰዎች ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ካናዳ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት በአጠቃላይ ሲታይ በአፕኒያ ክብደትና በካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

ውጤቶቹን ለመተርጎም የሚያስቸግረው ውፍረት፣ ዕድሜና ሲጋራ ማጨስ ለሁለቱም በሽታዎች የሚያጋልጡ መሆናቸው ነው። አብሮ መታየት ብቻውን አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

== ፖሊሳይቴሚያን መለየት ==

ሂሞግሎቢን በወንድ ከ16.5፣ በሴት ከ16 ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ሲሆን ሐኪሞች ምክንያቱን ይፈልጋሉ። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

* ሁለተኛ ደረጃ ፖሊሳይቴሚያ፦ መቅኔው ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን በኦክስጅን ማነስ ምክንያት ብዙ እንዲያመርት ታዟል። የሳንባ በሽታ፣ ሲጋራ፣ የከፍታ ቦታ ኑሮ እና አፕኒያ እዚህ ይመደባሉ። አፕኒያ ብቻውን የሚያመጣው ጭማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው።
* ፖሊሳይቴሚያ ቬራ፦ መቅኔው ሳይታዘዝ ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ2005 እንደታወቀው በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ጃክ-2 በተባለው ዘረ-መል ላይ ለውጥ ይገኛል። የኤሪትሮፖይቲን መጠን ዝቅ ማለት፣ የጣፊያ ማበጥና ገላን ከታጠቡ በኋላ የሚመጣ ማሳከክ ጠቋሚ ምልክቶች ናቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ካልታከመ ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ በማድረግ ስትሮክና የልብ ድካም ያስከትላል፤ በጥቂቶችም ላይ ወደ ሉኬሚያ ይለወጣል።

== የደጋ ኑሮ፦ ጋይንት፣ ስማዳ እና እስቴ ==

የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአካባቢው ያለው የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ስማዳ በአንጻሩ እስከ አባይና በሽሎ ሸለቆዎች ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። በ3000 ሜትር ላይ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚያገኘው 70 በመቶ ያህል ነው። ከቆላ በቅርቡ የወጣ ሰው በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ቢቆራረጥ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሂሞግሎቢን በከፍታው ምክንያት በጣም ከፍ ይላል። የኢትዮጵያ ደገኞች ግን ይለያሉ። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ጤነኛ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። አማካይ ሂሞግሎቢን በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር፤ የደም ኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ይቀራረባሉ።

ጥናቱ የተካሄደው ሰሜን ተራሮች ላይ ቢሆንም ለጋይንትና ለእስቴ ደገኞችም ትምህርት አለው። ሂሞግሎቢኑ እጅግ ከፍ ያለ ደገኛ ሲገኝ «የደጋ ሰው ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ስለ ማንኮራፋቱ፣ ስለ ሲጋራ፣ በምድጃ ጭስ ውስጥ ስላሳለፈው ጊዜ መጠየቅና የመቅኔ በሽታን መፈተሽ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል የጣፊያ ማበጥ ሁልጊዜ የደም ካንሰር ምልክት አይደለም፤ በቆላ ወባና ካላ-አዛርም ጣፊያን ያሳብጣሉ።

== የደም ካንሰር አፕኒያን ሲያመጣ ==

ሊምፎማ ቶንሲልን ወይም የጉሮሮ ንፍፊቶችን አሳብጦ የአየር መንገዱን ሊያጠብ ይችላል። ከማይሎማ ጋር አብሮ የሚታየው አሚሎይዶሲስ ምላስን ያሳብጣል። ለሊምፎማ፣ ለማይሎማና ለአንዳንድ ሉኬሚያዎች የሚሰጡ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ክብደት በመጨመር አፕኒያን ያባብሳሉ። ስለዚህ ከዚህ በፊት የማያንኮራፋ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ማንኮራፋት ከጀመረና በተለይ አንዱ ቶንሲል ብቻ ካበጠ ጉሮሮው መታየት አለበት።

ድካም የሁለቱም በሽታዎች ምልክት ነው። የሉኬሚያ ድካም ግን ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ፣ ከተደጋጋሚ ትኩሳትና ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት ጋር ይመጣል።

== ሲፓፕ እና የ2021 ጥሪ ==

ሲፓፕ በጭንብል አማካይነት አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 አስተዋወቁት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን ለመሰብሰብ ጥሪ አደረገ። ምክንያቱ ለድምፅ መቀነሻ የተገጠመው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ጎጂ ቅንጣቶችና ጋዞች ሊለቅ መቻሉ ነው። ከዚያ በኋላ በካናዳና በፈረንሳይ የተደረጉ ጥናቶች የኩባንያውን መሣሪያ የተጠቀሙ ሰዎች የሌሎችን ከተጠቀሙት ይልቅ በካንሰር እንደተያዙ አላሳዩም። ቢሆንም ከውጭ ዘመድ የላከውን ያገለገለ መሣሪያ ከመጠቀም በፊት ሞዴሉ በጥሪው ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

== ምርመራ እና ሕክምና ==

አፕኒያን ለማወቅ የመጀመሪያው ማስረጃ አብሮ የሚተኛ ሰው ምስክርነት ነው። በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ጥርጣሬውን ሊያጠናክር ይችላል፤ የተሟላው ምርመራ ግን የሌሊት እንቅልፍን መቅዳት ይጠይቃል። የደም ካንሰርን ለመጠርጠር ሙሉ የደም ቆጠራ ይጠቅማል። ቆጠራው ያልተለመደ ከሆነ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ወዳሉት ሪፈራል ሆስፒታሎች መላክ ያስፈልጋል።

የአፕኒያ ሕክምና ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ አረቄና ሌላ መጠጥ መተውን እንዲሁም ሲፓፕን ያካትታል። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ደም በመቅዳት፣ በአነስተኛ መጠን አስፒሪን እና አስፈላጊ ሲሆን በሃይድሮክሲዩሪያ ይታከማል። አፕኒያ ያለበት ሰው ሁሉ የካንሰር ምርመራ ያድርግ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አፕኒያው ከታከመ በኋላም ሂሞግሎቢኑ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።