ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር፦ የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ

የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ እና የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያዎች በቀጥታ የአየር መስመር ሲለኩ የሚራራቁት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው የጣና ሐይቅ ስለተንጣለለ የመኪናው መንገድ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በማክሰኝት በኩል ስለሚዞር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን የአየሩን ርቀት በ10 ደቂቃ ይሸፍነዋል። ይሁን እንጂ ተነሥቶ ከፍታ ለመያዝና ዝቅ ብሎ ለማረፍ ተጨማሪ ጊዜ ስለሚያስፈልገው ቀጥታ በረራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

መንገደኛ ሊያሰላው የሚገባው ግን ከቤት እስከ መድረሻ ያለውን ጊዜ ነው። የጎንደሩ አየር ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ አዘዞ ላይ ይገኛል፤ ምዝገባና ፍተሻም ከበረራው የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ። ቀጥታ በረራ ታጥቶ በአዲስ አበባ በኩል መዞር ግድ ከሆነ ደግሞ የአየር ጉዞው ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሕመምተኛ የሚያደርስም ሆነ ቶሎ የሚበላሽ ምርት የሚልክ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በረራው ቀጥታ መሆኑን ቢያረጋግጥ ይበጀዋል።