ለጦርነቱ ተብሎ የተዘጋው በር

በኦገስት 1914 መጨረሻ ገደማ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ አንድ ሰው ኤድንብራ ከተማ ገብቶ ሆቴል ያዘ። ስሙ ቻርልስ ኢንግሊስ እንደሆነና አገር ለማየት እንደመጣ ተናገረ። እንግሊዝኛው የአሜሪካውያን ነው፤ ጠባዩም የጨዋ ቱሪስት ነው። ብስክሌት ተከራይቶ በባሕሩ ዳርቻ ይዘዋወር ጀመር። ዓይኑ የሚያርፈው ግን በከተማዋ ጥንታዊ ግንቦች ላይ ሳይሆን፣ በፎርዝ ወሽመጥ በቆሙት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ላይ ነበር።

ሰውየው ካርል ሃንስ ሎዲ የተባለ የጀርመን ባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአንድ የጀርመን የመርከብ ኩባንያ ውስጥ አስጎብኚ ሆኖ ሠርቷል፤ ስለዚህ ቱሪስት እንዴት እንደሚናገርና እንዴት እንደሚራመድ ጠንቅቆ ያውቃል። የያዘው ፓስፖርት ሐሰተኛ አልነበረም። እውነተኛው ኢንግሊስ በርሊን ሳለ ጉዞውን ለመቀጠል ቪዛ ይመታልኝ ብሎ ፓስፖርቱን ለአሜሪካ ኤምባሲ ሰጥቶ ነበር። ወረቀቱ ወደ ጀርመን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላከና ጠፋ ተባለ። በዘመኑ ፓስፖርት ላይ ፎቶግራፍ ስለማይለጠፍ የኢንግሊስ ወረቀት ለሎዲም ሆነው። ሎዲን ያጋለጡት የሚልካቸው ቴሌግራሞችና ደብዳቤዎች ናቸው። ኦክቶበር 2 አየርላንድ ውስጥ ኪላርኒ በተባለች ከተማ ሲያዝ፣ ኮቱ ውስጥ እውነተኛ ስሙ የሰፈረበት የበርሊን ልብስ ሰፊ ወረቀት ተገኘ። ኖቬምበር 6 ቀን በለንደን ግንብ ተረሸነ።

የሎዲ ጉዳይ መዘዙ ለመላው ዓለም ተጓዥ ተረፈ። ዓመቱ ሳያልቅ አሜሪካ በፓስፖርት ላይ ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ አዘዘች። እንግሊዝም በ1915 የባለቤቱ ፎቶግራፍ ያለበትን፣ የፊቱን ቅርጽና የአፍንጫውን ዓይነት ሳይቀር የሚዘረዝረውን ስምንት ቦታ የሚታጠፍ ፓስፖርት አወጣች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ለሽርሽር ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው በየኤምባሲው ደጅ የሚጠየቀው አብዛኛው ነገር መነሻው ይህ የጦርነት ጊዜ ነው። ሁሉም ለጊዜው ተብሎ የተደረገ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ያበቃል ተብሎ።

ከ1914 በፊት የነበረውን ዓለም ለዛሬ ተጓዥ ማስረዳት ይከብዳል። የይለፍ ወረቀት የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ሲነሣ ከወንዝ ማዶ ያሉ ገዥዎች እንዲያሳልፉት ደብዳቤ ይሰጠው ዘንድ ንጉሥ አርጤክስስን እንደለመነ መጽሐፍ ቅዱስ ይተርካል። እንግሊዝም በሄንሪ አምስተኛ ዘመን፣ በ1414፣ ስለ ይለፍ ሕግ አውጥታለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ባቡር መጣ። በየድንበሩ መንገደኛን ሁሉ እያወረዱ ወረቀት መመርመር የማይቻል ሆነ፤ የምዕራብ አውሮፓ አገሮችም ፓስፖርት መጠየቁን አንድ በአንድ ተዉት። አጥብቀው የያዙት በዋናነት ሩሲያና የኦቶማን ቱርክ ነበሩ። ኦስትሪያዊው ደራሲ ስቴፋን ዝቫይግ ከጦርነቱ በፊት ሕንድንም አሜሪካንም ያለ ፓስፖርት ዞሮ እንዳየ በትዝታ መጽሐፉ ጽፏል። ይኸው ሰው በ1938 ናዚዎች አገሩን ሲጠቀልሉ ፓስፖርቱ ዋጋ አጣ፤ በስደት በሚኖርባት እንግሊዝ የስደተኛ ወረቀት ለማግኘት ደጅ ጠናና በ1942 ብራዚል ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

ያ ነፃነት ግን ለሁሉም እንዳልነበረ መርሳት አይገባም። አሜሪካ የቻይና ሠራተኞችን በሕግ የከለከለችው በ1882፣ አውሮፓውያን እንደልባቸው በሚገቡበት ዘመን ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ የበሩ ነገር ሌላ መልክ ነበረው። ችግሩ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ ላይ ነበር። የፖርቱጋል ንጉሥ በ1487 የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ዓመታት ተጉዞ በአፄ እስክንድር ዘመን ቤተ መንግሥቱ ደረሰ፤ በክብርም ተቀበሉት። እስክንድር በ1494 ሲሞቱ በኋላ የነገሡት ወንድማቸው አፄ ናዖድ አገሩ እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። አፄ ልብነ ድንግልም አልፈቀዱም። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲመጡ ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ አገኙት። አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ታሪኩን ከራሱ አንደበት ሰምቶ ጻፈው። መልእክተኞቹ በ1526 ሲመለሱ ኮቪልያ እዚሁ ቀረ። ከሁለት ምዕተ ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ሲደርስ የወደቡ ገዥ ናይቡ ለሁለት ወር ያህል አላሳልፍ አለው። ብሩስ ከዓረብ አገር ባለሥልጣናት የተጻፉ ደብዳቤዎች ባይዝ ኖሮ ጎንደርን ለማየቱ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በኦክቶበር 1920 የመንግሥታቱ ማኅበር ፓሪስ ላይ ስለ ፓስፖርት ጉባኤ ጠራ። የተሰበሰቡት ባለሥልጣናት የጦርነቱ ቁጥጥር ተነሥቶ የቀድሞው ነፃነት በቅርቡ እንደሚመለስ ተስፋ ያደርጉ ነበር። እስከዚያው ግን ሥርዓት ይያዝ አሉ። ፓስፖርት ባለ 32 ገጽ ደብተር ይሁን፤ ርዝመቱ 15.5፣ ወርዱ 10.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ ይጻፍ፤ አንዱ ፈረንሳይኛ ይሁን፤ በሽፋኑ ላይ የአገሩ ስምና ዓርማ ይቀመጥ። የመውጫ ቪዛ ይቅር፤ የመግቢያ ቪዛ ክፍያም ከ10 የወርቅ ፍራንክ አይብለጥ።

በዚህ ጉባኤ የሆነውን ልብ ብሎ ላየው ያሳዝናል። ሊያስቀሩት የፈለጉትን ነገር አሳምረው፣ መጠኑን ለክተው፣ ገጹን ቆጥረው ለትውልድ አስተላለፉት። በ1926 ጄኔቫ ላይ እንደገና ሲሰበሰቡ ማስቀረቱ ከወሬ አላለፈም ነበር። ደብተሩ ግን በየአገሩ ተለምዷል።

በመካከሉ አሜሪካ በ1924 የስደተኞች ኮታ ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት መንገደኛው ውቅያኖሱን ተሻግሮ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ነበር የሚመረመረው። ከሕጉ በኋላ ፈቃዱ ገና ከአገሩ ሳይነሣ በቆንስላው ቢሮ የሚወሰን ሆነ። በኮታው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም አለች፤ የተመደበላት በዓመት 100 ሰው ነው። ዛሬ ሰው በማለዳ ተነሥቶ ኤምባሲ በር ላይ የሚሰለፍበት ሥርዓት መሠረቱ የተጣለው ያን ጊዜ ነው። ድንበሩ ከወደቡ ተነሥቶ መንገደኛው መኖሪያ ከተማ ድረስ መጣ።

ቪዛ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከ1940ው የካውናስ በጋ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም። ካውናስ የሊቱዌንያ መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ ከፖላንድ የሸሹ ብዙ አይሁዶች ሞልተውባታል። ሶቪየት ኅብረት አገሪቱን ይዛ ቆንስላዎቹ ይዘጉ ብላለች። የፊሊፕስ ኩባንያ ተወካይና የኔዘርላንድስ ተጠባባቂ ቆንስል የነበረው ያን ዝዋርተንዳይክ አንድ ቀዳዳ ተጠቁሞት ነበር። በካሪቢያን ባሕር ያለችው የኔዘርላንድስ ደሴት ኩራሳዎ የመግቢያ ቪዛ አትጠይቅም ነበር፤ የሚገባውን ሰው የሚፈቅደው ገዥዋ ነበር። ቆንስሉ ቪዛ አያስፈልግም የሚለውን ግማሽ ብቻ በየወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ የገዥውን ነገር ተወው። እንዲህ መድረሻ ያገኙት ሰዎች መሸጋገሪያ ፍለጋ ወደ ጃፓን ቆንስላ ሄዱ። ቆንስሉ ቺዩኔ ሱጊሃራ ደጋግሞ ቶክዮን ቢያስፈቅድ፣ ገንዘብና መድረሻ ለሌለው ሰው አትስጥ የሚል መልስ መጣለት። ሱጊሃራ ግን በእጁ እየጻፈ ከ2 ሺሕ በላይ የመሸጋገሪያ ቪዛ ሰጠ። አንዱ ወረቀት ቤተሰብ ሙሉ ያሳልፍ ነበርና የተረፈው ሰው ከዚያ ይበልጣል።

ያን ጊዜ የተባለው ደንብ ዛሬ በብዙ የቱሪስት ቪዛ ማመልከቻዎች ላይ አለ። መድረሻህን አሳይ፤ ገንዘብህን አሳይ። ሱጊሃራ ደንቡን ቢጠብቅ ኖሮ ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ባለቁ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፕላን ጉዞን አቀለለ፤ መንግሥታትም የቱሪስትን ገንዘብ ፈለጉት። በ1963 የተባበሩት መንግሥታት ሮም ላይ በጠራው የቱሪዝም ጉባኤ የቪዛ ሥርዓት ይቅለል ተብሎ ተመከረ። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት በ1961 በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የቱሪዝም ድርጅት አቋቁማ፣ የ13 ወር ፀጋዋን ለዓለም ማስተዋወቅ ጀምራ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ከ1960 እስከ 1962፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 30 ሺሕ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። መንገደኛ ከፓስፖርቱ ጋር የሚይዘው የክትባት ቢጫ ካርድ ተራ ወረቀት እንዳልሆነ ይህ ሐዘን ይመሰክራል። ከሁሉም የመግቢያ ደንቦች ምክንያቱ በግልጽ የሚታየው ይህኛው ነው፤ ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል።

በደርግ ዘመን ደግሞ የመውጫ ቪዛ ግዴታ ነበር። ፓሪስ ላይ በ1920 ይቅር የተባለው ነገር ነው። የኮቪልያ ዕጣ ለአገሬው ሰው ደረሰ፤ ተቀባይ አገር ቢፈቅድ እንኳ የራስ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በዋስና በድጋፍ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱ፣ ፈቃዱን ሲያጡ በእግር ሱዳን የገቡ ሰዎች ዛሬም በየቤተሰቡ አሉ።

ጁን 14 ቀን 1985 ሉክሰምበርግ፣ ፈረንሳይና ጀርመን በሚገናኙበት የሞዜል ወንዝ ላይ የአምስት አገሮች ተወካዮች በአንዲት መርከብ ተሳፍረው ውል ፈረሙ። ከዳር ያለችው የሉክሰምበርግ መንደር ሸንገን ትባላለች። ውሉ በ1995 ሥራ ላይ ሲውል በአገሮቹ መካከል የነበረው የድንበር ፍተሻ ቀረ፤ ዛሬ አባላቱ 29 ደርሰዋል። ዝቫይግ የናፈቀው አውሮፓ ለአውሮፓውያን ተመለሰ ማለት ይቻላል። የውጪው ግንብ ግን በዚያው ልክ ከፍ አለ።

የሸንገን ቪዛ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ቱሪስት ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ 30 ሺሕ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ አሻራና ከ2024 ወዲህ 90 ዩሮ ያቀርባል። በተጨማሪም የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ አንዳንዱም የቤት ካርታና የመኪና ሊብሬ ይዞ ይሄዳል። ለአሜሪካ ሲያመለክት ደግሞ በ1952ቱ ሕግ መሠረት ሊቀር የመጣ ሰው ነው ተብሎ ይገመታል፤ እንደሚመለስ የማስረዳቱ ሸክም የእርሱ ነው። ማንም ሰው ገና ያላደረገውን ነገር እንደማያደርግ በወረቀት ማረጋገጥ አይችልም። ለልጇ ምርቃት የምትሄድ እናት ካርታና ሊብሬ በሌላት ጊዜ ምን ታሳያለች? የተከለከለው ሰው ክፍያው አይመለስለትም፤ ይህ ደግሞ ለብዙ ሰው የወር ደመወዝ ነው።

በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ ለየት ያለ እርምጃ ወሰደ። የማመልከቻ መልስ መጠበቂያው ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛም ታገደ። የተሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። እንግዲህ ጉዳዩ በመንግሥታት መካከል ያለ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ሮምን ሊያይ ወይም ፍራንክፈርት ያለች እህቱን ሊጠይቅ ያሰበ፣ አንድም ሕግ ያልጣሰ ሰው ነው። የአንዱ መዘግየት በሌላው ላይ መቆጠሩን ፍትሕ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

በአፍሪካ ውስጥም መንገዱ ገና አልተከፈተም። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። ኢትዮጵያም በኖቬምበር 2018 ለአፍሪካውያን ሁሉ ቦሌ ሲደርሱ ቪዛ ለመስጠት ወሰነች። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአህጉሪቱ ሰዎች ከአገር አገር በነፃነት የሚዘዋወሩበትን ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። ሥራ ላይ ለመዋል የ15 አገሮች ፓርላማ ይሁንታ ያስፈልገዋል። ከተፈረመ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር ያጸደቁት ሩዋንዳ፣ ኒጀር፣ ማሊ እና ሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ ብቻ ነበሩ።