የአጼ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ጠብና የቤተ ሰብ ሥርዓት

በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ተነሣው የሃይማኖት ጠብ የጻፉ ሊቃውንት ይልቁን የሚያተኵሩት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተደረገው ክርክር ላይ ነው። ባላገሩ ግን ጠቡን ያወቀው በጉባኤ ሳይሆን በማዕዱና በልጁ ክርስትና ይመስለናል። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከገቡ በኋላ፥ የተጠመቀው ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ግዝረት እንዲቀር፥ በረቡዕ ጾም ፈንታ ቅዳሜ እንዲጾም ታዘዘ። እናት በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሣችው ልጅ እንዳልተጠመቀ ተቈጠረባት፤ ይህን የምትታገሥ እናት ብዙ አትገኝም። ሜንዴዝ ኋላ የረቡዕን ጾም ቢፈቅዱም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር፤ በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት በአዋጅ መለሱ።

በ1839 ዓ.ም. ዐድዋ የገቡት፥ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ዩስጢኖስ ደ ያቆብስ ግን የአገሩን ልብስ ለብሰው፥ ቋንቋውንም ተምረው የግእዙን ሥርዓት አከበሩ። ወደ ካቶሊካዊት እምነት የገባ ቤተ ሰብ የአባቶቹን ጸሎትና የጾም ልማድ ከደጅ አውጥቶ መጣል አላስፈለገውም። ዛሬም በኢሮብ አገር፥ በዓሊቴና፥ ቅዳሴው በግእዝ ሥርዓት ይፈጸማል፤ በዓላቱም በአገሩ የዘመን ቍጥር ስለሚውሉ ካቶሊካዊውም ኦርቶዶክሱም ቤት ትንሣኤን በአንድ ሌሊት ይፈስካል።