ሠርገኛውን ማን ያጫውት? በቂርቆስና በካዛንችስ የሠርግ ሙዚቃ አመጣጥ

በአዲስ አበባ ከተማ ሠርግ የሚደግስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ እህሉና ስለ መጠጡ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ በሬው ከተገዛ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም ሠርገኛውን ማን ያጫውተው የሚል ነው። ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በቡልጋሪያ ማዞሪያ አካባቢ በተገኘንባቸው ሠርጎች፣ ሁለቱ ቤተ ዘመዶች በጥሎሹ ወይም በጥሪው ብዛት ሳይሆን በዚሁ ነገር ሲከራከሩ አይተናል። አንዱ ወገን ባንድ ይምጣ ይላል፤ ሌላው ዲጄ ይበቃል ይላል፤ አያት የሆኑት ደግሞ መሰንቆ ያልተመታበት መልስ ምን መልስ ነው ብለው ያዝናሉ። እኛም ይህ ክርክር ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ስለ ፈለግን፣ የከተማውን የሙዚቃ ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሰን በአጭሩ ለመመርመር ተነሥተናል።

በመጀመሪያ ልንዘነጋው የማይገባን ነገር አለ። በዱሮው የሸዋ ሠርግ የሠርጉን ዘፈን የሚዘፍነው ተቀጣሪ አልነበረም። ዘፋኙ ሠርገኛው ራሱ ነበር። ዳሱ ተጥሎ ቄጤማው ከተነሰነሰ በኋላ ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ የቀሩት ይቀበላሉ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ የሙሽራይቱ ወገን በር ይዘው በዘፈን ይከለክላሉ፤ ሚዜዎቹም በዘፈን ይለምናሉ። በዚህ ጊዜ የሙሽራው ወገን ድህነት፣ የሚዜዎቹ መልክና ቁመት፣ ያመጡት የጥሎሽ ልክ ሁሉ በሽሙጥ ይነሣል። የሚነቀፈው ሰው አይቆጣም፤ ቢቆጣ የሚያፍረው እርሱ ነው። ሙሽራይቱ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ደግሞ ዜማው ይለወጣል፤ የሚያለቅሰውም ብዙ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ደጋሹ የሚመርጠው ሙዚቃ አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ድምፅ ያላት የጎረቤት ልጅ መኖሯን ካወቀ ጥሪውን ቀደም አድርጎ ይልክባት ነበር፤ ምርጫው ከዚህ አያልፍም።

ከዚህ ተለይቶ የሚታየው አዝማሪ ነው። አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ በትርጉሙ አመስጋኝ ማለት እንደ ሆነ ይታወቃል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ድግስ ወዳለበት ይሄዳል፤ ተጠርቶም ሳይጠራም ይገባል። ገብቶም የጌታውን ዘር፣ የእመቤቲቱን እጅ፣ የጠጁን ጥራት ያወድሳል። ከተጋባዦቹ መካከል አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጠው በዜማው አስገብቶ ይደግመዋል፤ ስለዚህ ሰው ለባላንጣው በቀጥታ ሊናገር ያልደፈረውን ቃል በአዝማሪው አፍ ያስነግራል። ተጋባዡ ደስ ሲለው ገንዘብ አውጥቶ በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ነገር ግን በሰምና ወርቅ የሚናገር ሰው ነውና፣ ሽልማት የሚነፍገው ደጋሽ በማግሥቱ የመንደር መሳቂያ ሊሆን ይችላል። በእኛ አስተያየት አዝማሪን ወደ ሠርግ ማስገባት ሁልጊዜ ጥቂት ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ነበር። ግጥሙን የሚሰሙ ሁሉ እየሳቁለት፣ ከእርሱ ጋር ግን በጋብቻ መዛመድ የሚወድ ሰው ጥቂት ነበር። ለሰው ሠርግ የሚዘፍነው ሰው ሚስት የሚያገኘው ከራሱ ወገን ነበር ማለት ነው።

የመለከትና የነሐስ ሙዚቃ ወደ ከተማችን የገባው በሌላ በር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩስያ የተላኩት የነሐስ መሣሪያዎች ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የመጀመሪያውን የመለከተኛ ጓድ አስገኙ። ከዚያም በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያዩዋቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ጊዜ የተሰማውን የሀገር መዝሙር ዜማ ደረሰ። ይህ ሁሉ ለጊዜው ከተራው ሕዝብ ሠርግ ጋር ግንኙነት ያልነበረው ጉዳይ ነው። ቢሆንም ለከተማው ሰው አንድ አዲስ ሐሳብ አስተምሮታል፤ ይኸውም ሙዚቃ በደንብ ልብስ ለብሰው፣ ተሰልፈው፣ በአንድ ሰው ምልክት የሚጫወቱት የሠለጠኑ ሰዎች ሥራ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ሠርገኛው አድማጭና ተመልካች መሆን የጀመረው፣ እንደምንገምተው፣ ከዚህ ሐሳብ ነው።

ስለ ካዛንችስ ስንናገር ስለ ጠላት ወረራ ዘመን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። የሰፈሩ ስም ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረውን ድርጅት ከሚጠሩበት «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው አጠራር የመጣ ነው። ያው መንግሥት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሕዝቡን ጨፈጨፈ፤ በሚከተለውም ወር ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች፣ ከእነርሱም ጋር በየመንደሩ እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ወሬ አድራሾችና ሕዝብ ቀስቃሾች ናቸው ብሎ ስለ ፈራቸው ነው። መሰንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ እንደ ያዘ ሰው የተቆጠረበትን ዘመን የዛሬው ሠርገኛ አያስበውም፤ ሊያስበው ግን ይገባ ነበር። የሚያስደንቀውም በዚያው መንግሥት ሠራተኞች ቤት ስም የሚጠራው ሰፈር፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ የአዝማሪ ቤቶች መንደር ሆኖ መታወቁ ነው።

ከነጻነት በኋላ የሙዚቃው ሥራ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ አሳሳቢነት የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም አዝማሪዎችን ወደ መድረክ አወጣ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ዘፋኙ የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለ ነበር የመንግሥት ዕጣ ይደርስበት ነበር፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ጥላሁን ገሠሠ ከታሰሩት መካከል መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ከራሳችን ቤት አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። በ1955 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው፣ በግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ በሐሊም ኤል ዳብሕ አነሣሽነት «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተባለው ጓድ ተቋቋመ፤ በኋላም በተስፋዬ ለማ መሪነት ብዙ ሠራ። ይህ ጓድ መሰንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድ መድረክ አቀናብሮ አሰማ። ዛሬ ለመልስ የሚጠራው «የባህል ቡድን» ይህን የመሰለ አቀማመጥ አለው፤ ተጋባዦቹም ከአባቶች የወረድ ነው ብለው ይቀበሉታል። እውነቱን ለመናገር ግን በአባቶች ዘመን መሰንቆው ለአዝማሪው፣ ዋሽንቱ ለእረኛው፣ ከበሮው ለልጃገረዶቹ ነበር፤ ባንድ ወንበር ረድፍ ተቀምጠው አያውቁም። ይህን የምንለው ለመንቀፍ አይደለም። ወጣቱ ባህላዊ ነው ብሎ የሚመርጠው ነገር ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ብቻ ያለው መሆኑን ደጋሹ ቢያውቅ፣ ከአያቱ ጋር የሚያደርገው ክርክር ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብለን ስለምናስብ ነው።

በ1961 ዓ.ም. አምሐ እሸቴ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ የነበረውን ሸክላ የማሳተም መብት በድፍረት አልፎ የግል ሸክላዎችን ማውጣት ጀመረ። የግል ባንዶችም በየሆቴሉ በረከቱ፤ በ1962 ዓ.ም. በተከፈተው ሂልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ በኋላ ለዓመታት ተጫውቷል። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ አብዮቱ መጣና ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሌሊቱ የተወሰደበት ከተማ ሠርጉንም በቀን ብርሃን ለመጨረስ ይገደዳል። ቀድሞ እስከ ንጋት የሚዘልቀው ጭፈራ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሲታጠፍ፣ ቀስ ብሎ የሚጀምረው የዳስ ዘፈን ቦታ አጣ። በዚያው ዘመን ካሴት ሸክላን ተካ፤ አንድ ሰው ብቻውን ከበሮውንም ባሱንም የሚመታበት ኦርጋን መጣ፤ ሞንታርቦ የሚባለው ድምፅ ማጉያም ከእርሱ ጋር ገባ። አሥር ሰው ከማብላትና ከመክፈል ለአንድ ኦርጋን ተጫዋች መክፈል ለደጋሹ እንደሚቀለው ግልጽ ነው። ዛሬ ዲጄው የያዘው ወንበር በዚያን ጊዜ የተዘጋጀ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ሲመለስ አዝማሪውም ተመለሰ። በካዛንችስ ጠባብ መንገዶች ውስጥ አዝማሪ ቤቶች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ተከፈቱ። ከእነርሱ አንዱ የሆነውን ፈንድቃን በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተረከበው ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከሀገር ውጭ ድረስ አስታውቆታል። ለሠርግ ታሪክ የሚጠቅመው ነገር ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ዓመታት የቂርቆስ ሰው ልጁን ሲድር አዝማሪውን አስቀድሞ በሥራው ላይ ሊያየው ይችል ነበር። ማታ ሄዶ ይቀመጣል፤ ግጥም ይሰጣል፤ አቀባበሉን ይመለከታል፤ ምላሱ እጅግ የሰላ መስሎ ከታየው ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሻገራል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ይነጋገራሉ። የጥንቱ የአዝማሪ ድፍረት በዚህ ዓይነት አስቀድሞ የሚመረመር ዕቃ ሆነ።

በዛሬው ግብዣ የሚነሣው ክርክር ግን ከመሣሪያው ይልቅ በቋንቋው ላይ ነው። በአንድ የቡልጋሪያ ሠርግ የሙሽራው ወገን ከጉራጌ፣ የሙሽራይቱ እናት ከወለጋ፣ አባቷ ከመንዝ ሊሆኑ ይችላሉ። የጉራግኛው ምት ሲመጣ አንዱ ረድፍ ይነሣል፤ የኦሮምኛው ሲመጣ ሌላው፤ እስክስታው ሲመጣ ደግሞ የቀረው። የማን ዘፈን ቀድሞ ተከፈተ፣ የማን ሦስት ጊዜ ተደገመ፣ የማን ተረሳ የሚለውን የሚቆጥሩ አክስቶች በየጠረጴዛው አይጠፉም። ዲጄው የሁሉንም ስለ ያዘ ይመረጣል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ዘመድ ያልሆነ ወጣት በመሆኑ፣ ሳያውቅ ሰው ያስቀይማል። ባዶ ቦታው ሲታወቅም የሚገባበት መዝሙር አለ፤ ዘፈን ለክርስቲያን አይገባም የሚሉ ሙሽሮች ግብዣቸውን በሙሉ በመዝሙር የሚያደርጉ ሆነዋል። አያቶች ለዚህ እንኳ ከዲጄው ይልቅ ደስ ይላቸዋል፤ ቢያንስ የሚያጨበጭበውና የሚቀበለው ሰው ነውና።

በቡልጋሪያ ካየነው አንዱን ብቻ እንጥቀስ። ድግሱ በጠባብ ግቢ፣ ከእድር በተውሶ በመጣ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሞንታርቦው ከመጮኹ የተነሣ የሙሽራይቱ አያት ምርቃት እንኳ አልተሰማም። ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ዲጄው ሽቦውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲል ከጓዳ ወጥ ሲያወጡ የዋሉት ሴቶች እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወጡ፤ ከበሮ ስላልነበረ አንዷ የውሃ ጀሪካን ገልብጣ መታች። ግጥሙን ያወጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ከስድሳ ዓመት በላይ ይሆናሉ። ወጣቶቹ ተቀባዩን ያውቁ ነበር፤ የሚወጣውን ግን አንዳቸውም አልያዙትም። ሚዜዎቹ በሽሙጥ ሲነኩ ምን እንደሚመልሱ ስላላወቁ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹ። መብራቱ ሲመጣ ዲጄው ከአቆመበት ቀጠለ፤ ሴቶቹም ወደ ጓዳ ተመለሱ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንችስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተኑ፤ ፈንድቃም ከቀድሞ ቦታው ተነሣ። ነዋሪው ሲበተን የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ለማን እንደሚደርስ መነጋገር እንዳለበት ሁሉ፣ አውጪና ተቀባይ የነበሩት የጎረቤት ሴቶችም አንዷ ወደ ምሥራቅ፣ አንዷ ወደ ደቡብ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ በቡልጋሪያ መሰንቆ የሚፈልግ ደጋሽ ማታ ሄዶ የሚቀመጥበትና ግጥም ሰጥቶ የሚፈትንበት ቤት በአጠገቡ የለውም። በስልክ ይጠይቃል፤ የተላከለትን አጭር ቪዲዮ ይመለከታል፤ ቀብዱን በባንክ ያስገባል። አዝማሪውም በቀጠሮው ቀን፣ የሙሽሮቹን ስም በወረቀት ይዞ፣ ከማያውቀው ድንኳን ደጃፍ ደርሶ የማን ቤት እንደ ሆነ ይጠይቃል።