የሕፃናትን የሞት አደጋ የሚተነብዩ መለኪያዎች አመጣጥና ምዘናቸው

የሕፃንን የመዳን ተስፋ በቁጥር የመግለጽ ጥረት ረጅም ዕድሜ የለውም። ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት መለኪያ አዲስ የተወለደን ሕፃን በ5 ምልክቶች፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ በመስጠት ይመዝናል። ለጽኑ ሕሙማን ሕፃናት ክፍል የታሰበው ፕሪዝም የተባለው መለኪያ ደግሞ በዶክተር ሙሬይ ፖላክና በባልደረቦቻቸው በ1988 ወጣ። ይኸውም ከእርሱ በፊት የነበሩትን 34 መለያዎች ወደ 14 ዝቅ ያደረገ ነበር።

ፕሪዝም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች የታየውን እጅግ የከፋ ውጤት ስለሚወስድ ነቀፌታ አላጣም። በመጥፎ አያያዝ ሕመሙ የጠናበት ሕፃን ነጥቡ ከፍ ይላል፤ ስለዚህም ደካማው ክፍል ጥፋቱ ይሸፈንለታል። ዶክተር ፍራንክ ሻንና ባልደረቦቻቸው በ1997 ያቀረቡት ፒም ይህን ለማረም 8 መለያዎችን ሕፃኑ ሲገባ ወዲያውኑ ይመዘግባል።

መለኪያዎች የሚመረመሩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሚሞተውን ከሚድነው የመለየት ችሎታ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተተነበየው የሞት ቁጥር በእርግጥ ከደረሰው ጋር መመሳሰሉ ነው። ፈተና ተማሪዎችን በደረጃ በትክክል እያስቀመጠ፣ የማለፊያው ነጥብ ግን ለአካባቢው የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ መለኪያም አንዱን አሟልቶ ሌላውን ሊያጓድል ይችላል።

ለአገራችን ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። በፒም አሠራር ያልተለካ ነገር እንደ ጤናማ ይቆጠራል። በመሆኑም የደም ጋዝ መመርመሪያ በሌለበት ሆስፒታል ሕፃኑ ከሚገባው በላይ ጤናማ መስሎ ይመዘገባል፤ ሲሞትም ጥፋቱ የመሣሪያ እጦት መሆኑ ቀርቶ የሠራተኛው ስንፍና ይመስላል።

የእስቴ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ኢየሱስ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የጠናበትን ሕፃን ወደ ደብረ ታቦር፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ለመላክ ሲወስን በቅድሚያ የሚያስፈልገው በዓይንና በእጅ የሚታወቅ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በጋቦኗ ከተማ በላምባሬኔ የተሰየመው መለኪያ የሚጠይቀው 3 ምልክቶችን ብቻ ነው፤ እነርሱም ተዝለፍልፎ መውደቅ፣ ራስን መሳትና በጥልቀት መተንፈስ ናቸው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች ጀምሮ፣ በገጠር የተሰማራ ባለሙያ እነዚህን ያለ ላቦራቶሪ ሊያይ ይችላል። ሆኖም መለኪያው የተሠራው በወባ በታመሙ ሕፃናት ላይ ስለሆነ፣ በደጋ አገር በሳንባ ምች ለሚታመመው ሕፃን መስማማቱ በቅድሚያ መፈተን አለበት።

ስለዚህ የዕቅድ ባለሙያ በተውሶ መለኪያ ሆስፒታሎችን ከማወዳደሩ በፊት የገቡትን፣ የዳኑትንና የሞቱትን በየስፍራው በትክክል ማስመዝገብ ይኖርበታል። ቁጥሩ የብዙዎችን ሁኔታ ያመለክታል እንጂ በአንድ ሕፃን ላይ ፍርድ አይሰጥም።