በፊልሙ ጥግ ላይ ያለው ምልክት፦ የአውስትራሊያ የዕድሜ ደረጃዎችና የእኛ ቤት

እኔ በምኖርበት በዌስት ፉትስክሬይ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሲገናኙ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የፊልም ጉዳይ ነው። «ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ኤም የተባለውን ፊልም ከጓደኞቿ ጋር ገብታ ብታይ ሕግ ይከለክላል ወይ?» ይላል አንዱ። ሌላው «ፒ ጂ ከተባለማ ምን ችግር አለው፣ መንግሥት መርምሮ አሳልፎታል» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ «ይኼ የፈረንጅ ምልክት ነው፣ ለእኛ አይሠራም» ይላል። ሦስቱም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ ሦስቱም ግን አንድ ነገር ስተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአገሩ ሕግ በትክክል ምን እንደሚል ማሳየትና፣ ከዚያም ሕጉ ለእኛ ትቶልን ያለፈውን ሥራ ማመልከት ነው።

ሳንሱርና ምደባ

ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች መንግሥትና ፊልም አንድ ላይ ሲጠሩ ወዲያው የሚታወሰን ሳንሱር ነው። በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን አንድ ሥራ ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት መርማሪ እጅ ይገባ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር ግን፣ ይኸው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 6 የወጣቶችን ደህንነት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል መፍቀዱ ነው። ስለዚህ «አዋቂው የፈለገውን ይይ፣ ልጁ ግን ይጠበቅ» የሚለው ሐሳብ ለእኛም አገር ሕግ እንግዳ አይደለም።

አውስትራሊያም ብትሆን ከሳንሱር ተነስታ ነው እዚህ የደረሰችው። እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ ለልጅ የማይሆን ነው የተባለ ፊልም ብዙ ጊዜ ለአዋቂውም ይቆረጥ ወይም ይታገድ ነበር። በዚያ ዓመት የጉምሩክ ሚኒስትር የነበሩት ዶን ቺፕ ለአዋቂዎች ብቻ የሚፈቀድ «አር» የተባለ ደረጃ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዋና ሥራ ፊልሙን መቁረጥ ሳይሆን ተመልካቹን በዕድሜ መለየት ሆነ። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1996 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል የምደባ ሕግ ነው። ደረጃውን የሚሰጠው የፌዴራሉ የምደባ ቦርድ ሲሆን፣ በሲኒማና በሱቅ መከበሩን የሚያስፈጽሙት ደግሞ የየክፍለ ግዛቱ ሕጎች ናቸው። ለእኛ የቪክቶሪያው ማለት ነው።

ደረጃዎቹ

ምልክቶቹን ከዝቅተኛው ጀምሮ በቅደም ተከተል እንመልከታቸው።

«ጂ» (አረንጓዴ)፦ ለሁሉም የሚሆን ነው። ይህ ማለት ግን ለልጆች የተሠራ ነው ማለት አይደለም፤ ልጅን የሚጎዳ ነገር የለበትም ማለት ብቻ ነው።

«ፒ ጂ» (ቢጫ)፦ የወላጅ ምክር ያስፈልገዋል። ልጅ ብቻውን ሲያየው ግራ የሚያጋባው ወይም የሚያስፈራው ነገር ሊኖርበት ይችላል።

«ኤም» (ሰማያዊ)፦ ከ15 ዓመት በታች ላሉ አይመከርም። አይመከርም እንጂ አይከለከልም። የ13 ዓመቷ ልጅ ብቻዋን ቲኬት ቆርጣ ብትገባ ሕግ አልተጣሰም።

«ኤም ኤ 15+» (ቀይ)፦ ሕጋዊ ገደብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚገባው ከወላጅ ወይም ከአዋቂ አሳዳጊ ጋር ብቻ ነው። አሳዳጊውም በር ላይ አድርሶ የሚመለስ ሳይሆን ፊልሙ እስኪያልቅ አብሮ የሚቀመጥ መሆን አለበት። የ16 ዓመት ወንድም አሳዳጊ ሊሆን አይችልም። ይህ ደረጃ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

«አር 18+» (ጥቁር)፦ ለአዋቂ ብቻ። «እኔ አባቱ ነኝ፣ ፈቅጄለታለሁ» ማለት ሲኒማ በር ላይ አይሠራም።

ከእነዚህ በላይ «ኤክስ 18+» የተባለው በግልጽ ወሲብ ለሚያሳዩ ፊልሞች የተለየ ደረጃ አለ፤ በቪክቶሪያ መሸጥ የተከለከለ ነው። በመጨረሻም «አር ሲ» የሚባለው ደረጃ የተከለከለ ፊልም ነው፤ በየትም ቦታ ሊሸጥም ሆነ ለሕዝብ ሊታይ አይችልም። እዚህ ላይ ሳንሱር ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አይቻልም፤ ጠርዙ ላይ አሁንም አለ።

በተለይ «ኤም» እና «ኤም ኤ 15+» በስም ስለሚመሳሰሉና ሁለቱም 15 ዓመትን ስለሚጠቅሱ የሚያምታቱት እነሱ ናቸው። አንደኛው ምክር ነው፣ ሁለተኛው ሕግ ነው። ለዚህ ቀለሙን መያዝ ይበቃል፦ ከቀይ ጀምሮ ያለው ሕግ ነው።

ለኮምፒዩተር ጨዋታዎችም ምልክቶቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሆኖም እስከ እ.ኤ.አ. 2013 መጀመሪያ ድረስ ለጨዋታ «አር 18+» የሚባል ደረጃ ስላልነበረ ከ«ኤም ኤ 15+» ያለፈው ሁሉ ይታገድ ነበር። ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ቁማር የሚያስመስሉ አዳዲስ ጨዋታዎች «አር 18+»፣ በገንዘብ ተገዝተው በዕድል የሚከፈቱ ሳጥኖች ያሉባቸው ቢያንስ «ኤም» እንዲሆኑ ተደንግጓል። ጨዋታ ተራ ነገር ነው ብለን ካርዳችንን ለልጅ የምንሰጥ ወላጆች ይህን ብናውቅ ይጠቅመናል።

ቦርዱ የሚለካው ምንድን ነው?

ቦርዱ ስድስት ነገሮችን ይመለከታል፦ የፊልሙን ጭብጥ፣ ኃይልና ድብደባን፣ ወሲብን፣ የንግግሩን ብልግና፣ አደንዛዥ ዕፅን እና ራቁትነትን። ከዚያም እያንዳንዱ በተመልካቹ ላይ የሚያሳድረውን ጫና በስድስት እርከን ይመዝናል፦ በጣም ቀላል፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ፣ ከፍተኛና እጅግ ከፍተኛ። በጣም ቀላሉ «ጂ» ሲሆን እጅግ ከፍተኛው ይታገዳል። ከምልክቱ አጠገብ በትንሽ ፊደል የሚጻፈው ማሳሰቢያ ደረጃውን ያስከተለው ነገር የትኛው እንደሆነ ይናገራል። በእኔ አስተያየት ከፊደሉ ይልቅ የሚጠቅመን ይህ ጽሑፍ ነው። አንዱ ፊልም «ኤም» የተባለው በስድብ ምክንያት፣ ሌላው በጦርነት ምክንያት ሊሆን ይችላልና።

ሕጉ ቦርዱ «አስተዋይ አዋቂዎች በአጠቃላይ የሚቀበሉትን» የሥነ ምግባርና የጨዋነት ልክ እንዲያስብ ያዝዛል፤ አባላቱም የአውስትራሊያን ማኅበረሰብ በሰፊው የሚወክሉ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን የአማካይ ሰው ሚዛን በመሆኑ የማይመዝነው ነገር አለ።

አንደኛ፣ ምልክቱ ፊልሙ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይልም። ልጅ እናቱን የሚያመናጭቅበትና በዚያም የሚሳቅበት ፊልም «ጂ» ወይም «ፒ ጂ» ሊሆን ይችላል። ለእኛ ቤት ያ ከአንድ የጥይት ድምፅ ይልቅ የሚከብድ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የቦርዱ ሥራ ግን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቦርዱ የእያንዳንዱን ልጅ ታሪክ አያውቅም። በሱዳን ወይም በኬንያ የስደተኞች ጣቢያ አልፎ ለመጣ ልጅ «መካከለኛ» የተባለው የጦርነት ትዕይንት መካከለኛ ላይሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው ወላጁ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ነገር ልጨምር። በብዙ ቤቶቻችን እንግሊዝኛውን ቀድሞ የሚያነበው ልጁ ነው። ከአገር ቤት ልጅ ለመጠበቅ የመጡ አያት «ይኼ ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው ራሱ ፊልሙን ማየት የሚፈልገው ልጅ ነው። ሕጉን የሚተረጉመው ባለጉዳዩ ሲሆን ፍርዱ ወዴት እንደሚያጋድል መገመት አያዳግትም። አምስቱን ቀለሞች ለአያቶች በአማርኛ ጽፎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ መለጠፍ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የአማርኛ ፊልሞቻችንስ?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሐበሻ ሱቅ የምንገዛቸው የአማርኛ ፊልሞች ሽፋን ላይ የአውስትራሊያ ምልክት አይቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ሕጉ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ብሎ አይለይም። ልብ ወለድ ፊልም በሱቅ ለመሸጥም ሆነ ለሕዝብ ለማሳየት አስቀድሞ ደረጃ ሊሰጠው ይገባል፤ ለዚህም በፊልሙ ርዝመት የሚተመን ክፍያ አለ። የቤተሰብ፣ የሃይማኖት፣ የሙዚቃና የስፖርት ፊልሞች ግን «ኤም» ወይም ከዚያ በላይ የሚያሰጥ ነገር እስከሌለባቸው ድረስ ነፃ ናቸው። የመዝሙርና የሠርግ ቪዲዮ አያስጨንቅም ማለት ነው።

ይህ አዳራሽ ተከራይተው ለመረዳጃ የአማርኛ ፊልም ለሚያሳዩ ማኅበራት በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ የባህል ዝግጅቶችና የፊልም ፌስቲቫሎች ያልተመደበ ፊልም በቅድመ ሁኔታ ማሳየት የሚችሉበት ሥርዓት አለ። አዘጋጁ ዝግጅቱን ያስመዘግባል፣ ፊልሙ ምን ደረጃ ሊያገኝ እንደሚችል ራሱ ይገመግማል፣ ልጆች ለእነሱ የማይሆነውን እንዳያዩም ይቆጣጠራል። በሌላ አነጋገር ሕጉ ራሱ «እናንተ ቋንቋውን ታውቃላችሁ፣ እናንተው መዝኑ» ይለናል።

ቤት ውስጥ ግን ዛሬ የአማርኛ ፊልም የሚታየው በአብዛኛው በዩቱብ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በተፈቀደለት የኮምፒዩተር ዘዴ ፊልሞቹን ሲመድብ፣ ለጣቢያዎች የራሳቸው የሥነ ሥርዓት ደንብ ሲኖራቸው (ለምሳሌ በንግድ ቴሌቪዥን «ኤም ኤ 15+» ከምሽቱ በእኛ ሰዓት 2፡30 በፊት አይተላለፍም)፣ ሰዎች ዩቱብ ላይ የሚጭኑት የአማርኛ ድራማ ግን በዚህ ምደባ ውስጥ አያልፍም። ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአውስትራሊያ የዩቱብ አካውንት እንዳይኖራቸው ሕግ ኩባንያውን ያስገድዳል። ሆኖም ያለ አካውንት ማየት አልተከለከለም፤ ከአካውንቱ ጋር የተያያዘው የወላጅ መቆጣጠሪያም አካውንት በሌለበት አይሠራም። ሳሎን ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን በአባት ስም በተከፈተ ዩቱብ ደግሞ ሁሉም ነገር ክፍት ነው።

«አማርኛ ከሆነማ ይይ፣ ቋንቋውን ይለምድበታል» የሚለው አባባላችን አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሆሊዉዱን ፊልም በምልክት እንጠብቃለን፤ የእኛውን ግን ቋንቋው የእኛ ስለሆነ ብቻ እናልፈዋለን። ሚስቱን በጥፊ የሚመታ ባል፣ ጠለፋ፣ የቤት ሠራተኛ ስትዋረድ፣ ራስን ለማጥፋት መሞከር፣ እነዚህ በድራማዎቻችን እንግዳ አይደሉም። ቦርዱ ቢያያቸው ጭብጥና ኃይል በሚለው ሥር ይመዝናቸው ነበር። ሜልበርን ተወልዶ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው ከቤትና ከስክሪን ብቻ ለሆነ ልጅ ደግሞ ያየው ነገር «አገራችን እንዲህ ናት» የሚል ትምህርት ሊሆንበት ይችላል።

በቤቴ የምሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። የአማርኛ ፊልም ከልጆች ጋር ከማየታችን በፊት ወይ እኔ ወይ ባለቤቴ እያሳለፍን እናየዋለን፤ ቦርዱ የሚመለከታቸውን ስድስት ነገሮች በአንዲት ቁራጭ ወረቀት እንመዝናለን፤ ሰባተኛ ደግሞ የራሳችንን እንጨምራለን፦ «ይህን ሲያይ ስለ አገሩ ምን ያስባል?» የሚል። ብዙ ጊዜ ውጤቱ መከልከል አይደለም። አብሮ መቀመጥና አቁሞ ማስረዳት ነው። «ፒ ጂ» የሚለው ምልክት የሚጠይቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ምልክት ያለበትን ማሳሰቢያውን ጨምረን እናንብብ፤ ምልክት የሌለበትን እኛው እንመዝን። የምደባ ቦርዱ ይህን የአማርኛ ሥራ አይሠራልንም፤ እኛ ካልሠራነው የሚሠራው የለም።

ቸር እንሰንብት።