ሁለት ሰንበት፣ አንድ ስግደት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ብርዱን ነው። ስለ ስሟ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕል የከፈተ አንባቢ ግን ከብርሃኑ በፊት ድንጋይ ያገኛል። ንጉሡ በዚያ ሥፍራ ሰፍረው ሳሉ፣ የካቲት 2 ቀን፣ «ደቂቀ እስጢፋኖስ» የተባሉት መነኮሳት በድንጋይ ተወገሩ። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ በመስቀል በዓል፣ ከሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ብርሃኑን የፍርዳቸው ምስክር አድርገው ተቀበሉት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በሥፍራውም ከተሙ። ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1454 ገደማ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትንም ዘመናት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ስለ ተአምሩ ለመከራከር ብዕር አላነሣሁም። እኔን የሚያስገርመኝ፣ እኒሁ ንጉሥ ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ሸዋ ውስጥ፣ በተጉለት ደብረ ምጥማቅ፣ ሌሎች እምቢተኞችን በክብር ተቀብለው ማስታረቃቸው ነው። አንዱ እምቢተኛ የጉባኤ ወንበር፣ ሌላው የድንጋይ ናዳ የደረሰው ስለ ምን ነበር?

ነገሩ የሚጀምረው ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትም ትከበር ብለው አስተማሩ። ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበረና፣ የእስክንድርያ መንበር ደግሞ ይህን እንደ አይሁድ ልማድ ቆጥሮ ስለነቀፈው፣ አባ ኤዎስጣቴዎስ በ1337 ገደማ አገራቸውን ትተው ወጡ። በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አልፈው በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ። የቀሩት ደቀ መዛሙርት ከክህነት ተከለከሉ፤ ከቤተ ክርስቲያንም ተገፉ። እነርሱ ግን ወደ ሰሜን ዘልቀው በሰራዬና በሐማሴን ገዳማትን መሠረቱ። ከእነዚህ አንዱ፣ አባ ፊልጶስ የመሠረቱት ደብረ ቢዘን፣ እስከ ዛሬ አለ።

በ1400 ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ ባሉበት ጉባኤ ቆመ። አባ ፊልጶስና ጓደኞቻቸው ቀዳሚትን ተዉ ቢባሉ አንተውም አሉ፤ ታሰሩም። አባ ፊልጶስ የታሰሩት በሐይቅ ነበር፤ የሐይቁ አበምኔት ሠረቀ ብርሃን ደግሞ ከተቃዋሚዎቻቸው አንዱ ነበሩ። እስረኛን በባላንጣው ደጅ ማሰር በአገራችን የቆየ ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው በታሪካችን ውስጥ ተገቢው ሥፍራ ያልተሰጠው የምለው። በ1404 ዐፄ ዳዊት እስረኞቹን ፈቱ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ሁለቱንም ሰንበታት እንዲያከብሩም ፈቀዱ። ጳጳሱም ሆኑ በጳጳሱ ሥርዐት የሚሄዱት ካህናት የነበሩበትን አልለቀቁም። ማንም ማንን አላሸነፈም። ቀዳሚትን የሚያከብረው ያከብራል፤ የማያከብረውም በዚያው አምላክ ስም ይቀድሳል። የንጉሡ ምክንያት የልብ ርኅራኄ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ እነዚህ ገዳማት ወደ ባሕር በሚወስደው ምድር ላይ የተተከሉ፣ ሕዝብ የሚከተላቸው ነበሩ። ቢሆንም በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ሁለት ሥርዐት ጎን ለጎን ኖሩ፤ መንግሥቱም በዚህ ምክንያት አልፈረሰም። ይህ ለ46 ዓመት ቆየ። አንድ ሰው ተወልዶ፣ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ የሚያይበት ዕድሜ ነው። ዛሬ «ብዝኃነት» የምንለውን ቃል ያኔ የሚያውቀው አልነበረም፤ ኑሮው ግን ነበረ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ሲነግሡ ይህ ኑሮ አልበቃቸውም። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እኒህን ንጉሥ በቀላሉ ሊጠላቸው አይችልም፤ መጽሐፈ ብርሃንንና መጽሐፈ ሚላድን ያህል ሥራ በስማቸው የቆመ ሰው ናቸው። ነገር ግን አንድ መንግሥት አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ቀን መቁጠሪያ፣ አንድ ስግደት እንዲኖረው ፈለጉ። ሕዝቡ በግንባሩና በእጁ የሃይማኖት ቃል ጽፎ እንዲሄድ እስከ ማዘዝ ደረሱ። በጣዖት አምልኮ የተከሰሱት የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ከቅጣት አላመለጡም።

በ1450 የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል በተገኙበት፣ ቀዳሚት ሰንበት ተፈቀደች። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም በበኩላቸው ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ብዙዎቻችን ይህን የዕርቅ ቀን አድርገን እናነበዋለን፤ ዕርቅም ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፦ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሰንበት ለሁሉም ሕግ ሆነ። ትናንት ቀዳሚትን ያከበረ ይከሰስ ነበር፤ ነገ ደግሞ ያላከበረው። የተገፋው አሳብ ወደ ዙፋኑ ወጣ እንጂ ለልዩነት ሥፍራ አልተተወለትም። የዐፄ ዳዊት 46 ዓመት ያበቃው በዚህ ጉባኤ ነው።

ወደ ተወገሩት መነኮሳት ልመለስ። አባታቸው አባ እስጢፋኖስ የአጋሜ ሰው ነበሩ። ማኅበራቸው በገዛ እጁ ሥራ የሚኖር፣ ከቤተ መንግሥት ርስትና ስጦታ የማይቀበል ነበር። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ለእመቤታችንና ለመስቀል በታዘዘው ስግደትም እንዲሁ አልተስማሙም፤ ለዚህ ነው የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች «ፀረ ማርያም» የሚል ስም የሰጧቸው። የራሳቸው ገድል ግን እመቤታችንን እንጠላለን አይልም። አባ እስጢፋኖስ በ1444 በእስር ዐረፉ፤ ተከታዮቻቸው ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተወገሩ።

እነዚህን ሰዎች የዛሬ ነፃ አሳቢዎች አድርገን ብናቀርባቸው እናታልላለን። ጥብቅ ሰዎች ነበሩ፤ ለዘብ ያለውን የሌላውን ገዳም ኑሮ በበጎ ዐይን አላዩትም። ሥልጣን ቢይዙ ምን ባደረጉ ማን ያውቃል? ከኤዎስጣቴዎስ ልጆች የሚለያቸው ግን አንድ ነገር ነው። ስለ ቀን የተጣላውን ሰው ቀኑን በመስጠት ማስታረቅ ይቻላል፤ ቀን መስጠት ዙፋኑን ዝቅ አያደርገውም። ለንጉሥ አልሰግድም ያለውን ሰው ግን ለማስታረቅ ከላይ ያለው ወገን ራሱ አንድ ደረጃ መውረድ ነበረበት። ከላይ ያሉት የፈቀዱት ልዩነት ሁሉ እነርሱን ከላይ የሚያስቀምጥ ነበር።

ማኅበሩ ግን አልጠፋም። በትግራይ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም መጠጊያ ሆነው፤ ከ200 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትም በዚያ ተጠብቀው ቆዩ። ከዚያ የወጣ በሥዕልና በሐረግ ያጌጠ አንድ ወንጌል ዛሬ በባልቲሞር በዎልተርስ ሙዚየም ይታያል። ለኛ ትውልድ ድምፃቸውን ያሰማን ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ገድላቸውን ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. በሚኒሶታ አሳተሙት። ተርጓሚው ራሳቸው በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2021 ድረስ በስደት ብራና ሲያገላብጡ የኖሩ ሊቅ ነበሩ።

ለመጽሐፉ የሰጡት ርእስ «በሕግ አምላክ» ነው። በድሮው ልማድ በጉልበተኛ የተያዘ ደካማ ሰው ይህን ቃል ሲጮኽ፣ ጉልበተኛው ማንም ይሁን ማን፣ ከነበረበት አንዲት እርምጃ ሳያልፍ ቆሞ ዳኛ ፊት መቅረብ ነበረበት።